የቋራው ሽፍታና የእቴጌዋ የልጅ ልጅ

ጎንደር ላይ ሥልጣን ይዘው የነበሩት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ የቋራውን ሽፍታ በጦር አልያዝ ቢላቸው በጋብቻ ሊይዙት ቆረጡ። ምሕረቱንም፣ ሹመቱንም፣ ሙሽራዋንም ባንድ ላይ አቀረቡለት። ሙሽራዋ የገዛ የልጅ ልጃቸው፣ የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ነበረች። ሽፍታው ካሣ ኃይሉ ይባላል። ጊዜው የ1830ዎቹ ማብቂያ ግድም ነው።

አያቲቱ ያሰቡት እንግዳ ነገር አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት ጠላትን አማች ማድረግ የተለመደ ነው። ሴት ልጅ በአንድ ቤት ተወልዳ በሌላው ቤት እንደ መያዣ ትቀመጣለች፤ ጠብ ቢነሣ ለአባቷ ወሬ ታደርሳለች፣ ባሰ ጊዜም ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች። ከተዋበችም የተጠበቀው ይኸው ነበር። እሷ ግን ከሽፍታው ጋር ጸናች። በሚቀጥሉት ዓመታት ባሏ መጀመሪያ አያቷን፣ ከዚያም አባቷን በጦር ሜዳ ገጠመ። በሁለቱም ጊዜ ተዋበች ከባሏ ጋር ቆመች።

በውጭው ዓለም ልብ ወለድና ፊልም የባሕር ወንበዴና ትጥቅ ያሰረች እመቤት ሲፋቀሩ የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አንባቢና ተመልካች አለው። ወንበዴው ሕግ ያስጨነቀው፣ ጥሎሽ የሌለው፣ ነገር ግን ልበ ሙሉ ሰው ነው። እመቤቲቱ የቤተ መንግሥት ልጅ ናት፤ ሰይፍ ትይዛለች፣ ፈረስ ትጋልባለች፣ ልትይዘው ትወጣና በፍቅሩ ትያዛለች። እኔ ይህን ዓይነት ታሪክ ባየሁ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጡት ካሣና ተዋበች ናቸው። ጎንደር ባሕር የላትም። በጣና ላይም በዚያን ዘመን ከታንኳ በቀር የሚንሳፈፍ አልነበረም። ሆኖም ወንበዴም፣ ጦረኛ እመቤትም፣ በጠላትነት መካከል የተነሣ ፍቅርም ነበሯት። የጎንደሩን ታሪክ ከልብ ወለዱ የሚለየው ሰይፉ በአያቲቱ እጅ፣ ፍቅሩ በልጅ ልጇ ልብ መሆኑ ነው።

ከሽፍታው እንጀምር። ካሣ በ1811 ዓ.ም. ግድም ቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ነበሩ፤ ልጁን ሳያሳድጉ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ርስትና ወገን ሲያንሳቸው ልጃቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ። በችግር ላይ ሳሉ ኮሶ ሸጡ ተባለ። ወሬው እውነት ይሁን የጠላት ፈጠራ፣ ካሣን ግን ዕድሜ ልኩን ተከተለው፤ ጠላቶቹ ሁሉ ሊያዋርዱት ሲሹ የሚያነሡት ይህንኑ ነበር። ሕፃኑ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። በኋላ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ጦር መጥቶ ገዳሙን አጠፋው፤ ብዙ ሕፃናት አለቁ፣ ካሣ አምልጦ ወጣ። ያን ቀን ያየ ልጅ ለዘመነ መሳፍንት ጌቶች ክብር ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ጦርነትን የተማረው ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ነው። ክንፉ ደምቢያንና ቋራን ይዘው፣ በሱዳን በኩል የሚገፋውን የግብጽ ጦር ይመክቱ ነበር፤ በ1829 ዓ.ም. ድንበር ላይ ድል አድርገውታል። በ1831 ሲሞቱ ግዛታቸው የሻሚዎች ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሽኩቻ በኋላ ደምቢያ በእቴጌ መነን እጅ ገባ። ካሣ ባዶውን ቀረ። የሚሄድበት አላጣም፤ ቆላ ወረደ።

የቋራ ቆላ ለካሣ፣ ካሪቢያን ለእንግሊዝ የባሕር ወንበዴዎች የነበረውን ያህል ነበር። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በዚያ አካባቢ ያልፋል። ሰም፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ባሪያም ጭምር ይወርድበታል፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ የባሕር ማዶ ዕቃ ይወጣበታል። የደጋው ፈረሰኛ በሜዳ ላይ አቻ አልነበረውም፤ ቆላው ግን በንዳድ ይፈጀዋል፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይዘጋበታል። ሽፍታው እንደ ልቡ የሚመላለስበት አገር ለመንግሥት ወጥመድ ነበር።

ካሣን ከተራ ቀማኛ የሚለየው በምርኮው ያደረገው ነገር ነው። የዘመኑን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብ፣ ካሣ ያገኘውን ለቋራ ገበሬ እያከፋፈለ ዶማና ማረሻ እንዲገዛበት ያደርግ እንደነበር አስፍረዋል። ራሱም ከተከታዮቹ ጋር መሬት ያቀና ነበር ይላሉ። ገበሬውም ወደደው። የሚያሳድደው ጦር ሲመጣ የሚያበላውና የሚደብቀው፣ ወሬም የሚያቀብለው ይኸው ገበሬ ነበር። መሳፍንቱ ገበሬውን እንደ ስንቅ ቤት በሚቆጥሩበት ዘመን አንድ ሽፍታ ማረሻ ሲያድል ማየት ምን ያህል እንደሚያስደንቅ እናስበው።

እንዲህ ያለውን ወንበዴ በሹመት ማስገባት የዓለም መንግሥታት ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። እንግሊዞች የካሪቢያኑን ዘራፊ ሄንሪ ሞርጋንን እ.ኤ.አ. በ1674 የክብር ማዕርግ ሰጥተው የጃማይካ ምክትል ገዢ አድርገውታል። ሞርጋንም ተረጋጋ፣ የጥንት ጓደኞቹንም አሳደደ። እቴጌ መነን በካሣ ላይ የተመኙትም ይህንኑ ይመስለኛል። በማዕርጉ ላይ ሚስት ጨመሩበት።

እቴጌ መነንን አሁን ጠጋ ብለን እንያቸው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትጥቅ ያሰሩት እመቤት እሳቸው ናቸውና። መነን የወሎው ባላባት የሊበን አመዴ ልጅ ናቸው። ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብተው የየጁ መሳፍንት ቤት ተወላጅ የሆኑትን አሉላ ጉግሣን አገቡ። ከእሳቸው የተወለዱት አሊ ገና በልጅነታቸው ራስ ተብለው አገሩን ሲይዙ ከጀርባ ሆነው የሚያስተዳድሩት እናታቸው ነበሩ። በ1832 ዓ.ም. መነን አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ። ልጃቸው ደብረ ታቦር፣ እሳቸው ጎንደር፤ ባላቸው ዙፋኑ ላይ፣ ግብሩና ጦሩ በእሳቸው እጅ። የፋሲል ግንብ ከተማ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለች ኃይለኛ ሴት አላየችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምንትዋብም ከቋራ ነው የወጡት። ቋራ ለጎንደር አንድ ጊዜ ንግሥት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሽፍታ ሰጠች።

ጋብቻው ተፈጸመ። ካሣ ሹመቱን ተቀብሎ ገባ፤ ሰላም ግን ብዙም አልቆየም። የእቴጌዋ ሹማምንት ሽፍታውን እንደ እኩያ ሊያዩት አልፈቀዱም። በአደባባይ ይንቁት፣ የእናቱን ስም እያነሡ ይሳለቁበት ነበር። አንድ ሰው በገዛ አማቶቹ ቤት እየተሰደበ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? ካሣ በ1839 ዓ.ም. መባቻ ዳግመኛ ሸፈተ፤ ወደ ቋራም ተመለሰ። ተዋበችን በዚህ ጊዜ ልናያት ይገባል። ጎንደር ብትቀር የሚነቅፋት አልነበረም፤ ያደገችበት ወግ ራሱ ይህን ይፈቅድላታል። የከዳው ባሏ ነው፤ እሷ የእቴጌዋ የልጅ ልጅ ናት። ከካሣ ጋር ሆነች።

እቴጌ መነን መጀመሪያ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድን ነበር። ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሮ እንደሚያመጣ ፎክሮ ወጣ። ካሣ ድል አደረገው፤ ማረከውም። ከዚያ ኮሶ አስበጥብጦ በግድ አጠጣው ይባላል። ይህ ታሪክ በጎንደር ዙሪያ እስከ ዛሬ በፈገግታ ይወራል። እኔ ግን ከፈገግታው ሥር ሕመም አያለሁ። ያን ሰው ኮሶ ያጠጣው እጅ፣ ገዳም ውስጥ ጓደኞቹ ሲታረዱ ያየውና እናቱ ስትሰደብ የሰማው ልጅ እጅ ነው።

በጥር 1839 ካሣ ጎንደር ገባ። የራሱን ሰዎች በከተማዋ ላይ ሾመ፣ ከደምቢያም ግብር ሰበሰበ። እቴጌዋ ይህን ሲሰሙ ለሌላ ሰው አልተዉትም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጦራቸውን አስከትለው፣ ባላቸውን አፄ ዮሐንስን ይዘው፣ ከጣና በስተ ሰሜን ዘመቱ። ደምቢያ ውስጥ ተጋጠሙ። እቴጌ መነን ቆስለው ከነባላቸው ተማረኩ።

በአገራችን ታሪክ ጦር የመሩ ሴቶች ሲጠሩ እቴጌ ጣይቱ ይቀድማሉ፤ ይገባቸዋልም። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ወደ አድዋ ዘምተዋል፤ መቀሌ ላይ የጠላትን የውኃ ምንጭ የማስያዙ ብልሃት የእሳቸው ነው። ከጣይቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድመው ደምቢያ ሜዳ ላይ የቆሰሉት መነን ግን የሚነሡት የካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ጠላት ተብለው ብቻ ነው። እኒህ ሴት በኃይላቸው የሚተማመኑ፣ ጦር ሜዳ በአካል የሚወርዱ ገዢ ነበሩ። ጠላታቸው ነገ ንጉሠ ነገሥት መሆኑ የእሳቸውን ጀግንነት አይሰርዘውም።

ወደ ተዋበች እንመለስ። ባሏ አያቷን በእጁ አስገባ። ምርኮኛዋ እሷን ለዚህ ጋብቻ የሰጠቻት ሴት ናት። ካሣ እቴጌዋን በያዘበት ጊዜ ከአባቷ ከራስ አሊ ጋር ድርድር ተጀመረ፤ አሊ እናታቸውን ለማስፈታት ደምቢያን ለካሣ ለቀቁ፣ የደጃዝማችነትንም ማዕርግ ሰጡት። በዘመኑ ሰው ዓይን ይህ ትልቅ ድል ነው። ለተዋበች ግን የአባቷ ቤት መዋረድ፣ የአያቷም ደም መፍሰስ ነበር። ልቧ በዚያን ሰሞን ለሁለት ባይከፈል ሰው አትባልም። ያም ሆኖ ከድርድሩ በኋላ እቴጌዋ ወደ ጎንደር ሲመለሱ ተዋበች ከባሏ ጋር ቀረች። ይህን ቁርጠኝነት ከወንዶቹ ፉከራ ሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ። ፎካሪው ለድል ይዋጋል፤ እሷ ባሏ ድል ባደረገ ቁጥር ከወገኗ አንዱን ታጣ ነበር።

በመጋቢት 1840 ካሣ ወደ ሱዳን ድንበር ዘምቶ ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠመ። ግብጾቹ ምሽግ ነበራቸው፣ መድፍ ነበራቸው፣ በሥርዓት የተሰለፈ ወታደር ነበራቸው። የካሣ ሰዎች በጀግንነት እየሮጡ ገቡ፤ ረገፉም። ያ ቀን በኋላ ዘመኑ ለመድፍ የነበረውን ያን ሁሉ ጉጉት፣ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን መድፍ እስከማስቀለጥ ያደረሰውን እልህ የወለደ ቀን ነው።

ከዚህ ሽንፈት ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈውታል። ካሣ ቆስሎ ሳለ ለሐኪሙ የሚከፈል ላምና ቅቤ አስፈለገ። ወደ ሚስቱ አያት ልኮ ጠየቀ። እቴጌዋ ላም እንደመላክ ቁራጭ ሥጋ ላኩለት። ካሣ ዝም አለ። ያልታገሠችው ተዋበች ናት፤ ይህን ውርደት ተሸክሞ እንዳይኖር፣ ተነሥቶ ክብሩን እንዲያስመልስ አጥብቃ ነገረችው ይላሉ። በታሪኩ ዝርዝር ላይ ጸሐፊዎቹ አይስማሙም። የሚስማሙበት ግን የተዋበችን ልብ በጣም ይገልጠዋል። የቁራጩን ሥጋ ትርጉም ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ በዚያ ቤት አድጋለችና። ለማን ሙሉ ላም፣ ለማን ቅልጥም እንደሚላክ ከልጅነቷ ስታይ ኖራለች። ለባሏ የተላከው ሥጋ ለእሷም የተላከ ስድብ ነበር።

ያም ሆኖ ካሣ በራስ አሊ ሥር ጥቂት ዓመታት ታዝዞ ቆየ። በ1844 ዓ.ም. ግንኙነታቸው ፈረሰ። አሊ የካሣን ግዛት ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጡና እንዲወጉት ላኳቸው። ኅዳር 19 ቀን 1845 ጉር አምባ ላይ፣ ካሣ በቁጥር እየተበለጠ ጎሹን ድል አደረገ፤ ጎሹም እዚያው ሞቱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጣቁሳ አጠገብ አሊና ውቤ ያስተባበሩትን ጦር ሰበረ። የመጨረሻው ግጥሚያ ሰኔ 23 ቀን 1845 ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ሆነ። የየጁ ፈረሰኛ ዝና በዚያ ሜዳ ተቀበረ። ራስ አሊ ሸሹ፤ ዳግመኛም አልተመለሱ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው የየጁ መሳፍንት ገዥነት አከተመ።

እንግዲህ አይሻል የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በተዋበች በኩል ሲታይ አይሻል ባሏ አባቷን ከአገር ያባረረበት ቀን ነው። በእነዚያ ወራት ከአባቷ ወገን ወደ እሷ መልእክት ይመላለስ ነበር፣ ባሏን እንድትተው ትለመን ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። መልእክቱ ቢደርሳትም ባይደርሳትም ምርጫው ከፊቷ ነበር። ብትሄድ ባሏ ቤት ውስጥ ያለው የአሊ ዓይን ይጠፋል እንጂ እሷ የምታጣው ነገር አልነበራትም፤ አባቷ ቤት ክብሯ እንደ ተጠበቀ ነው። ብትቀር፣ ባሏ ከተሸነፈ የሽፍታ ሚስት ሆና መኖር ነው። አይሻል ላይ ካሣ ያሸንፋል ብሎ የሚወራረድ ሰው ብዙ አልነበረም። እሷ ሕይወቷን አስይዛ ተወራረደች።

አንድ መሰናክል ቀረ፤ ሰሜን። ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን ደጋ እስከ ትግሬ የሚደርስ ሰፊ ግዛት ይዘው ነበር። ከራስ ዳሸን ጫፍ ሥር በተዘረጋው ጃን አሞራ ምድር ደረስጌ ላይ ማርያምን አሠርተዋል፤ ሥራውን የመራው ጀርመናዊው ዕፅዋት አጥኚ ሽምፐር ነበር። ለገዛ ንግሣቸው ያዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል። የካቲት 3 ቀን 1847 ካሣ እዚያው ሰሜን ላይ ውቤን ገጥሞ ማረካቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ቀብተው አነገሡት፤ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የቋራ ቆላ ሽፍታ በሰሜን ደጋ ብርድ ዘውድ ጫነ። ደረስጌ ማርያምን ያየ ሰው ያን ቀን ለመገመት አይቸገርም። ቆላ የለመደው ጦር ገደሉንና ውርጩን ተቋቁሞ እዚያ መድረሱ ብቻውን ድል ነው።

ካሣና ተዋበች በቁርባን የታሰሩ ነበሩ፤ ይህ በዘመኑ መሳፍንት ዘንድ ብርቅ ነው። የሰማንያ ጋብቻ ይፈርሳል፤ በሥጋ ወደሙ የታሰረ ግን እስከ ሞት ነው። ባላባቱ ዕቁባት በሚያከማችበት ዘመን ንጉሡ በአንዲት ሚስት ጸኑ፤ ተከታዮቻቸውም በሕጋዊ ጋብቻ እንዲወሰኑ አዘዙ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዎልተር ፕላውደንም ስለ ንጉሡ ሥርዓት ለመንግሥቱ ሲጽፍ ይህን አንሥቷል። የመሳፍንቱን ዘመን ሥር የሚነቅል ሰው ጋብቻንም ከፖለቲካ መያዣነት ሊያወጣው መሞከሩ ትርጉም አለው። ጋብቻ ከመያዣነት ሊወጣ እንደሚችል ንጉሡ ከመጻሕፍት አልተማሩትም፤ ከተዋበች አይተውታል።

በነሐሴ 1850 እቴጌ ተዋበች አረፉ። ከተጋቡ አሥራ ሦስት ዓመት ግድም ነበር። ንጉሡ አጥብቀው አዘኑ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ አባባል አለ፤ ተዋበች ብትኖር ቴዎድሮስ ባልጨከኑ ነበር የሚል። በትያትርም፣ በጨዋታም፣ በጽሑፍም ተደጋግሟል። ሐዘኑ እንደሰበራቸው አልጠራጠርም። ነገር ግን አባባሉ ሁለቱንም ያሳንሳቸዋል ብዬ አምናለሁ። ንጉሡን፣ ሚስት ከያዘችው ደግ፣ ከለቀቀችው ክፉ የሚሆን ሰው ያደርጋቸዋል። ተዋበችንም ቁጣ የምታበርድ መልአክ ብቻ ያደርጋታል። በ1850ዎቹ ቴዎድሮስን የገፋቸው ብዙ ነገር ነው። የትግሬው ንጉሤ፣ ወሎ፣ ሸዋ፣ ጎጃም እየተፈራረቁ አመፁ። ከቤተ ክህነት ጋር በመሬት ተጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1860 ወዳጃቸው ፕላውደንና ታማኝ አማካሪያቸው ጆን ቤል በሽፍቶች እጅና በበቀል ጦርነት ተከታትለው ሞቱ። የሚከፈለው ደመወዝ ጠፍቶ ወታደሩ ገበሬውን ሊዘርፍ ተለቀቀ። ለቋራ ገበሬ ማረሻ ያደለው እጅ በመጨረሻ የገበሬውን ጎተራ ደፈረ። ይህን ሁሉ በአንዲት ሴት ሞት ማስረዳት አይቻልም።

ጎንደርም የዚህን ዋጋ ከፍላለች። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ከተማዋን አዘረፉ፣ አቃጠሉም። የከተማዋ አድባራት ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ተጭነው ወደ ንጉሡ ምሽግ ወደ መቅደላ ሄዱ። ሽፍታ ሆኖ ጎንደር በጦር የገባ ሰው፣ ንጉሥ ሆኖ አቃጠላት። ስለ ካሣና ተዋበች ፍቅር የሚጽፍ ጎንደሬ ይህን ገጽ ሊዘለው አይገባም፤ ዛሬ በከተማው መሐል የቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም በስማቸው ይጠራል፤ የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናትም የዚያው ሰው ታሪክ ናቸው። ከዓመት በኋላ የእንግሊዙ ጀኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር በዙላ ባሕር ዳርቻ አራግፎ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ። ከጎንደር የተወሰደው ብራና እንደገና ተዘረፈ፤ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ራሳቸው እንግሊዞቹ ጽፈዋል። በባሕር የመጡ እውነተኛ ወንበዴዎች በታሪካችን ውስጥ ካሉ እነዚህ ናቸው። 350 የሚያህሉት ብራናዎች ለንደን ገብተው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ፤ ዛሬም ያሉት በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ከተዋበች ሞት በኋላ ንጉሡ በ1852 ዓ.ም. ጥሩወርቅን አገቡ። ጥሩወርቅ ደረስጌ ላይ የተማረኩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ሁለቱ ጋብቻዎች መልካቸው አንድ ነው፤ የጠላት ልጅ፣ የተሸነፈ አባት፣ ኃይለኛ ባል። ጥሩወርቅ ግን አባታቸውን ያሰረውን ሰው አልወደዱም። ኩራታቸውን ይዘው፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ ከንጉሡ ርቀው ኖሩ። ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። የጥሩወርቅ ጽናት የተዋበችን ውሳኔ ያጎላዋል። የጠላት ልጅ ሆኖ መጋባት ፍቅርን እንደማያስገኝ፣ ተዋበች የቀረችው የጊዜው ወግ አስገድዷት ወይም ልቧ ደካማ ሆኖ እንዳልነበረ ከጥሩወርቅ እንረዳለን። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለቴዎድሮስ አልሰነፈም። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ጽፈዋል፤ ፀጋዬ ገብረ መድኅንም ቴዎድሮስን መድረክ ላይ አውጥቷል። እነዚህን ሥራዎች ያነበበ ትውልድ ካሣን በሚገባ ያውቀዋል። አሁን የሚነሣው ደራሲ ታሪኩን ከተዋበች ጉያ ይጀምርልን። በሠርጉ ቀን ያለችው ተዋበች ገና የአያቷ ናት። አያቷ ደምቢያ ላይ ቆስለው ሲማረኩ ያለችው ሌላ ሰው ናት፤ ከአይሻል በኋላ ያለችው ደግሞ ሦስተኛ ሰው። ከአንዷ ወደ ሌላዋ የተሻገረችበትን መንገድ ጦር ሜዳ ብቻ አይነግረንም፤ ድንኳኑ፣ ከቆላ ንዳድ የማይድነው ሎሌ፣ ከደብረ ታቦር የሚመጣው መልእክተኛ፣ ለቁስለኛ የተላከው ቁራጭ ሥጋ ይነግረናል። እቴጌ መነንም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጦራቸውን እየመሩ፣ ፈረሳቸው ላይ ሆነው፣ እንደ ገዢ ይግቡ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሽፍታ ምክንያት ተለያይተው ሁለቱም አልተንበረከኩም፤ አንዷ በጦር፣ ሌላዋ በቃል ኪዳኗ ጸኑ።